በተረት የከበሩ፣ በአደባባይ የተናቁ

የጥንት ሰዎች ስለ አማልክቶቻቸውና ስለ ጀግኖቻቸው ያወሩትን ተረት የሚያነብ ወጣት ብዙ ጊዜ የሚፈልገው ጦርነቱንና ጀብዱውን ነው። ዕድሜው ገፋ ሲል ግን ተረቱ ሌላም ነገር እንደሚነግረው ይገነዘባል። አንድ ሕዝብ ምን እንደሚፈራ፣ ምን እንደሚመኝ፣ ማንን እንደሚያከብርና ማንን እንደሚንቅ ሳይታወቀው በተረቱ ውስጥ ይገልጸዋል። ስለዚህ ተረትን እንደ እውነተኛ ታሪክ አድርጎ መቀበል ስሕተት ሲሆን፣ እንደ ከንቱ ወሬ ቈጥሮ መናቅም ያንኑ ያህል ስሕተት ነው።

እኔ በልጅነቴ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ስማር፣ የግሪክን ተረት ያስተማሩን መምህር ቲሬስያስ ስለሚባለው የቴብ ከተማ ዓይነ ስውር ነቢይ ነግረውን ነበር። ዓይኑ የጠፋ፣ ልቡ ግን የበራ ሰው መሆኑን በሚገባ አስረዱን። ከብዙ ዓመት በኋላ መጽሐፉን ራሴ ሳነበው፣ መምህራችን ከታሪኩ መካከል አንድ ትልቅ ክፍል ዘለው እንደ ነበረ አየሁ። ቲሬስያስ በዱር ሲሄድ ሁለት እባቦች ተጠማዝዘው አግኝቶ በበትሩ ቢመታቸው ወዲያው ወደ ሴትነት ተለወጠ፤ ሰባት ዓመትም ሴት ሆኖ ኖረ። በስምንተኛው ዓመት እነዚያኑ እባቦች ዳግመኛ መታቸውና ወደ ወንድነቱ ተመለሰ። ግሪኮች ይህን ሰው ከነቢዮቻቸው ሁሉ በላይ ያከበሩት፣ ሌላው ሰው በአንድ ወገን ብቻ የሚያየውን ሕይወት በሁለት ወገን ስላየ ጭምር ነው። መምህሬን አልወቅሳቸውም፤ እኛ ልጆች ነበርን፤ እርሳቸውም አፈሩ። ይሁን እንጂ የተዘለለው ክፍል ሳይነበብ ስለ ቀረ፣ እኔም ኋላ ልገልጸው ባሰብሁት ስሕተት ላይ ወደቅሁ።

በዚህች ጽሑፍ ስለ ሦስት ዓይነት ሰዎች ስለምናገር፣ ቃሉ እንዳይምታታ አስቀድሜ ልለይ። ፍናፍንት የምንለው ሲፈጠር የወንድም የሴትም ምልክት በሰውነቱ ላይ ተደባልቆ የተወለደውን ሰው ነው። ጃንደረባ ወይም ስልብ የምንለው ወንድ ሆኖ ተወልዶ ኋላ የተሰለበውን ነው። ዛሬ በዓለም ቋንቋ ትራንስጀንደር የሚባለው ደግሞ ሲወለድ ወንድ ነው ወይም ሴት ናት የተባለ፣ በውስጡ ግን ራሱን ከዚያ በተለየ መንገድ የሚያውቅ ሰው ነው። ሦስቱ አንድ አይደሉም። የጥንት ሰዎች ግን እንዲህ አድርገው ስለማይለዩ፣ በተረታቸውም በሕጋቸውም ብዙ ጊዜ በአንድነት ጠቅልለው ይጠሯቸው ነበር። ሴታሴትና ወንዳገረድ የሚሉት ቃሎቻችን ደግሞ ከመሳደብ በቀር ማንንም ለይተው የሚያስታውቁ አይደሉም። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ከሁሉ አስቀድመን ወደ መስጴጦምያ እንሂድ። በጤግሮስና በኤፍራጥስ ወንዞች መካከል የነበሩት ሱመሮች በሸክላ ላይ ጽፈው ካቈዩልን ተረቶች አንዱ ኢናና ስለምትባለው የፍቅርና የጦርነት አምላክ የሚናገረው ነው። ባቢሎናውያንና አሦራውያን ይህችኑ አምላክ ኢሽታር ይሏታል። ኢናና ወደ ሙታን አገር ወረደች፤ በሰባቱ በሮች ጌጧንና ልብሷን አንድ በአንድ አስወልቀው ራቁቷን አስገቧት፤ በዚያም ሞተች። ኤንኪ የተባለው የጥበብ አምላክ ሊያድናት ፈልጎ ከጥፍሩ ሥር ባገኘው ዕድፍ ሁለት ፍጡራን ሠርቶ ላከ። ብዙ ሊቃውንት እነዚህ ሁለቱ ወንድም ሴትም ያልሆኑ ናቸው ይላሉ፤ ስማቸው በአምላኪቱ ቤተ መቅደስ ያገለግሉ ከነበሩት ከአልቃሾችና ከዘፋኞች ስም ጋር አንድ ነውና።

መልእክተኞቹ ሲደርሱ የሙታንን ንግሥት በጭንቅ ተይዛ ስታቃስት አገኟት። ሰይፍ አላነሡባትም፤ ክርክርም አልገጠሟትም። ነገር ግን ስታቃስት አብረዋት አቃሰቱ፤ ወዮ ስትል ወዮ አሉ። ንግሥቲቱ ሕመሟን ስለ ተካፈሏት ልቧ ተነካ፤ የኢናናንም ሬሳ ሰጠቻቸው። እነርሱም የሕይወትን ምግብና የሕይወትን ውሃ ረጭተው አስነሧት። እንግዲህ በዚህ ተረት ታላላቆቹ አማልክት ያልቻሉትን ነገር የቻሉት ከዕድፍ የተሠሩት ሁለቱ ናቸው ማለት ነው።

ይሁን እንጂ ይኸው ተረት ከብዙ ዘመን በኋላ በሌላ መልክ ተጻፈ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በሰባተኛው መቶ ዓመት የነገሠው አሹርባኒፓል በነነዌ ባከማቸው ቤተ መጻሕፍት በተገኘው ጽሑፍ፣ መልእክተኛው አሱሹናሚር የሚባል ከኢሽታር አገልጋዮች ወገን የሆነ መልከ መልካም ፍጡር ነው። እርሱም ኢሽታርን አስለቀቀ፤ የሙታን ንግሥት ግን ስለ ተታለለች ተቈጥታ ረገመችው። ምግቡን ከከተማ ጥራጊ እንዲለቅም፣ ከቤት ውጭ በግንብ ጥግ እንዲያድር፣ ያገኘው ሁሉ በጥፊ እንዲመታው ፈረደችበት። አዳኙ ተረገመ፤ ያዳናት አምላክ ግን በክብር ወደ ዙፋኗ ተመለሰች።

ወጣቶች ሆይ፣ ይህን ርግማን በጥንቃቄ አስተውሉት። ተረቱን የሚሰሙት የነነዌ ሰዎች በከተማቸው ግንብ ጥግ የሚያድሩ፣ ጥራጊ የሚለቅሙ፣ በጥፊ የሚመቱ እንዲህ ያሉ ሰዎችን በዓይናቸው ያዩ ነበር። በበዓል ቀን በአምላኪቱ ፊት ያዘፍኗቸዋል፤ በማግሥቱ ይመቷቸዋል። ለዚህ ነገር ምክንያት ቢፈልጉ፣ ጥንት የተረገሙ ስለ ሆኑ ነው የሚል ተረት አገኙ። ስለዚህ የሚመታው እጅ የእነርሱ የራሳቸው መሆኑ ቀርቶ የንግሥቲቱ ፍርድ ሆነላቸው። ሰው በገዛ እጁ የሠራውን ግፍ ወደ አማልክት ማሳለፍ የጀመረው ዛሬ አይደለም።

ከዚህ ቀጥለን ወደ ግሪክና ወደ ሮም ብንመጣ ያንኑ ነገር እናገኛለን። ሮማዊው ባለቅኔ ኦቪድ በ8 ዓ.ም. ገደማ በፈጸመው ስለ መለዋወጥ በሚናገረው መጽሐፉ ቄኔዎስ ስለሚባል ጦረኛ ይተርካል። ቄኔዎስ በመጀመሪያ ቄኒስ የምትባል የቴሳሊያ ልጃገረድ ነበረች። የባሕር አምላክ በባሕር ዳር ብቻዋን አግኝቶ በግፍ ደፈራት፤ ከዚያም የወደድሽውን ለምኚኝ አላት። እርሷም እንዲህ ያለው ግፍ ዳግመኛ እንዳይደርስባት ወንድ አድርገኝ አለችው። ወዲያው ድምፅዋ ጐረነነ፤ ሰይፍ የማይበሳው ጦረኛም ሆነ። ኋላ በአንድ የሰርግ ቤት በተነሣው ጠብ፣ ግማሽ ሰው ግማሽ ፈረስ ከሆኑት ኬንታውሮች ጋር ሲዋጋ፣ ጠላቶቹ ጀግንነቱን እያዩ ሴት ነህ እያሉ ይሰድቡት ነበር። በሰይፍ ሊያሸንፉት ስላልቻሉም ግንድ በላዩ ከምረው ቀበሩት።

ስድቡ ከምን እንደ መጣ አስቡ። ሴት ነህ ማለት ስድብ የሚሆነው ሴትን በሚንቅ አገር ብቻ ነው። ቄኒስን ወንድ መሆን ያስመኛት ግፍና ቄኔዎስን ያሰደበው አፍ ከአንድ ምንጭ የተቀዱ ናቸው። ስለዚህ በወንድና በሴት መካከል ያለውን ሰው የሚያዋርድ ሕዝብ፣ ብዙ ጊዜ አስቀድሞ እናቱንና እኅቱን ያዋረደ ሕዝብ ሆኖ ይገኛል።

ግሪኮች ሄርማፍሮዲቶስ የሚሉት ሌላ ፍጡር ነበራቸው፤ የሄርሜስና የአፍሮዲቴ ልጅ ሲሆን በሰውነቱ ወንድም ሴትም ነው። ሠዓሊዎችና ድንጋይ ጠራቢዎች በዚህ ፍጡር መልክ ብዙ ተጠበቡ። ተኝቶ የሚታየው የእብነ በረድ ምስሉ ዛሬ በፓሪስ በሉቭር ቤተ መዘክር ይገኛል፤ የተኛበትንም ፍራሽ ታላቁ ጠራቢ በርኒኒ በ1620 ዓ.ም. ከእብነ በረድ ሠርቶለታል። የሚጐበኘው ሰው ሁሉ ውበቱን ያደንቃል። ነገር ግን እውነተኛ ሕፃን እንዲህ ሆኖ ሲወለድ ምን ይደረግ ነበር?

ታሪክ ጸሐፊው ሊቪ ይነግረናል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ207 ዓመት ሐኒባል ኢጣልያን ሲያስጨንቅ፣ ፍሩሲኖ በምትባል ከተማ ወንድ ይሁን ሴት ያልተለየ ሕፃን ተወለደ። ሕዝቡ በጦርነቱ ፈርቶ ስለ ነበር ይህን የክፉ ነገር ምልክት ነው አለ። ከኤትሩርያ የተጠሩ ሟርተኞች በፈረዱት ፍርድ ሕፃኑን ከነነፍሱ በሣጥን ከትተው ወደ ባሕር ወስደው ጣሉት። ከዚያም 27 ልጃገረዶች ከተማይቱን ለማንጻት እየዘመሩ እንዲዞሩ ታዘዘ። ለድንጋዩ ምስል የእብነ በረድ ፍራሽ ተሠራለት፤ ለሕፃኑ ግን የተሠራለት ሣጥን ነበር።

ይህ ከሆነ ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ204 ዓመት፣ እነዚሁ ሮማውያን ሐኒባልን ለማሸነፍ ይረዳናል ብለው የአማልክት እናት የሚሏትን የኪቤሌን ጥቁር ድንጋይ ከታናሽ እስያ በክብር አስመጡ። የኪቤሌ ካህናት ጋሊ የሚባሉ፣ ራሳቸውን ሰልበው የሴት ልብስ የሚለብሱ ሰዎች ነበሩ። ሮማውያንም አምላኪቱን ፓላቲን በሚባለው ኮረብታ ላይ ቤተ መቅደስ ሠሩላት፤ የሮም ተወላጅ ግን ከካህናቷ ጋር እንዳይደባለቅ ከለከሉ። በበዓሏ ቀን ካህናቷ በአደባባይ ከበሮ እየመቱ ሲያልፉ ሕዝቡ ገንዘብ ይሰጣቸዋል፤ ባለቅኔዎቹም ያላግጡባቸዋል። አምላኪቱ ትፈለጋለች፤ አገልጋዮቿ ግን ይናቃሉ።

አሁን ደግሞ ይህ ነገር ከጥንት እስከ ዛሬ ሳይቋረጥ ወደ ኖረበት ወደ ሕንድ አገር እንሻገር። ሕንዶች ሺቫ የሚሉትን አምላካቸውን በአንድ ወገን ወንድ፣ በአንድ ወገን ሴት አድርገው ይቀርጹታል፤ ይህንም መልኩን አርዳናሪሽቫራ ይሉታል። በሙምባይ ከተማ አጠገብ በኤሌፋንታ ደሴት ዋሻ ውስጥ በስድስተኛው መቶ ዓመት ገደማ ከዐለት የተፈለፈለ ታላቅ ምስሉ እስከ ዛሬ ይታያል። ማሃባራታ በተባለው ታላቅ መጽሐፋቸውም ጀግናው አርጁና የስደቱን የመጨረሻ ዓመት ያሳለፈው ስሙን ብሪሃናላ ብሎ፣ የሴት ልብስ ለብሶ፣ ለንጉሥ ልጅ ዘፈን እያስተማረ ነው። በዚሁ መጽሐፍ ሺካንዲ ሴት ሆኖ ተወልዶ ኋላ ወንድ የሆነ ጦረኛ ነው። አዛውንቱ ጀግና ቢሽማ ሴት ሆኖ የተወለደውን አልወጋም ብሎ ቀስቱን ሲያወርድ በዚያ ወደቀ።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን የሕንድን ሕዝብ ልብ የሚነካው በታሚል አገር የሚተረከው የአራቫን ነገር ነው። አራቫን ወገኖቹ ጦርነቱን እንዲያሸንፉ ራሱን ለመሥዋዕት የሰጠ ወጣት ነው። ከመሞቱ በፊት ሚስት ማግባት ፈለገ፤ ነገር ግን በማግሥቱ መበለት ልትሆን የምትወድ ሴት ጠፋች። በዚህ ጊዜ ክሪሽና የተባለው አምላክ ሞሂኒ የምትባል ሴት ሆኖ አገባው፤ በማግሥቱም እንደ ሚስት አለቀሰለት። ይህን ለማሰብ በታሚል ናዱ ግዛት ኩቫጋም በምትባል መንደር በየዓመቱ በሚያዝያ ወይም በግንቦት ወራት ሂጅራና ቲሩናንጋይ የሚባሉት ሰዎች በብዛት ይሰበሰባሉ። አንድ ሌሊት ለአራቫን ሙሽሮች ሆነው የጋብቻ ክር በአንገታቸው ያስራሉ። በማግሥቱ ክሩ ይበጠሳል፤ አምባራቸውን ሰብረው፣ ነጭ ለብሰው፣ እንደ መበለት እያለቀሱ ይመለሳሉ።

ሂጅራ የሚባሉት ወንድ ሆነው ተወልደው እንደ ሴት የሚኖሩ፣ ከእነርሱም ብዙዎቹ የተሰለቡ፣ ፍናፍንት ሆነው የተወለዱም የሚገኙባቸው ማኅበረሰብ ናቸው። ከቤተሰብ የተባረረች ወጣት ወደ እነርሱ ስትመጣ አንዲት ታላቅ ሂጅራ እንደ እናትም እንደ መምህርም ሆና ትቀበላታለች። ልጅ በተወለደበትና ሰርግ በተደረገበት ቤት እየሄዱ ዘፍነው ይመርቃሉ፤ ሰዎችም ምርቃታቸውን ይወዳሉ፣ ርግማናቸውን ይፈራሉ። ስለዚህ ሥልጣናቸው የሚተርኩት አንድ የቃል ታሪክ አለ። ራማ የተባለው ልዑል ወደ ስደት ሲሄድ ሕዝቡ እያለቀሰ ተከተለው። እርሱም ወንዶችና ሴቶች ሁላችሁ ወደ ቤታችሁ ተመለሱ አለ። ከ14 ዓመት በኋላ ሲመለስ፣ ወንድም ሴትም ያልሆኑት በዚያው ቦታ ተቀምጠው አገኛቸው፤ ትእዛዙ እነርሱን አልጠራምና። ራማም ስለ ታማኝነታቸው የመመረቅን ሥልጣን ሰጣቸው ይላሉ። ይህ ነገር በጥንታዊው በቫልሚኪ መጽሐፍ ውስጥ የለም፤ ራሳቸው ሂጅራዎቹ በቃል የሚያወርሱት ነው። በነነዌ ተረቱን የጻፈላቸው ሌላው ሰው ስለ ነበር ርግማን ጻፈላቸው፤ በሕንድ ግን ራሳቸው ስለ ተረኩት ምርቃት ሆነ።

ሙጋል በሚባሉት ነገሥታት ዘመን ስልቦች በቤተ መንግሥት ታላቅ ሹመት ያገኙ ነበር። እንግሊዞች ሕንድን ከያዙ በኋላ ግን ነገሩ ተለወጠ። በ1871 ዓ.ም. ወንጀለኛ ነገዶች የሚል ስም የሰጡትን ሕግ አወጡ። የሕጉ ሁለተኛ ክፍል ስልቦች ብሎ ስለ ጠራቸው ሰዎች የሚናገር ሲሆን፣ የተጠረጠሩት ሁሉ ስማቸውና መኖሪያቸው በመዝገብ እንዲጻፍ አዘዘ። ተመዝጋቢው በአደባባይ የሴት ልብስ ወይም ጌጥ አድርጎ ቢታይ፣ ወይም ቢዘፍንና ቢጫወት፣ እስከ ሁለት ዓመት እንዲታሰር ፈረደ። ዕድሜው ከ16 ዓመት በታች የሆነ ወንድ ልጅ በቤቱ ማኖር፣ ለልጅ ሞግዚት መሆን፣ ልጅ ማደጎ መውሰድ፣ ንብረቱን በስጦታ ወይም በኑዛዜ ማስተላለፍ ሁሉ ተከለከለ። ይህም ማለት መተዳደሪያውን፣ ቤተሰቡንና ውርሱን በአንድ ቀን ቀሙት ማለት ነው። ሕጉን ያወጡት ሰዎች ሕዝቡን ሠለጠነ ለማሰኘት የመጡ መሆናቸውን ይናገሩ ነበር።

ሕንድ በ1947 ዓ.ም. ነጻ ከወጣች በኋላ ሕጉ ተሻረ፤ ጥላው ግን ከሰው ልብ ላይ ቶሎ አልተነሣም። ሂጅራዎች ከትምህርት ቤትና ከሥራ እየተገፉ ብዙዎቹ በልመናና ገላን በመሸጥ ኖሩ። ሰርግ ላይ መርቁን ብሎ የሚጠራቸው ባለጠጋ በማግሥቱ ቤት አያከራያቸውም፤ ሐኪም ቤትም በወንዶች ክፍል ይተኙ ወይስ በሴቶች ተብሎ ሲከራከሩ ሕመምተኛዋ በደጅ ትቈያለች። በ2008 ዓ.ም. የታሚል ናዱ ግዛት ለእነርሱ የበጎ አድራጎት ቦርድ አቋቋመ። በ2011 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቈጠራ ከወንድና ከሴት ሌላ በሚለው ዓምድ 487,803 ሰዎች ተቈጠሩ። ሚያዝያ 15 ቀን 2014 ዓ.ም. የሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኞች ራዳክሪሽናንና ሲክሪ እነዚህ ሰዎች በሕገ መንግሥቱ የተጻፈው መብት ሁሉ እንዳላቸው፣ ሦስተኛ ጾታ ተብለውም ሊታወቁ እንደሚገባ ፈረዱ። በፍርዳቸውም ውስጥ የራማንና የአራቫንን ታሪክ ጠቀሱ። በ2015 ዓ.ም. በራይጋር ከተማ በመንገድና በባቡር እየዘፈነች ትኖር የነበረችው ማዱ ኪናር ከንቲባ ሆና ተመረጠች። በ2019 ዓ.ም. የሕንድ ምክር ቤት ስለ መብታቸው ሕግ አወጣ፤ ከእነርሱ ብዙዎቹ ግን ሕጉ የፍርድ ቤቱን ቃል አሳንሶታል ብለው ተቃወሙት።

በአውሮፓም መንገዱ ቀና አልነበረም። በርሊን ከተማ ማግኑስ ሂርሽፌልድ የተባለው ሐኪም በ1919 ዓ.ም. ስለዚህ ነገር የሚመረምርና የሚያክም ተቋም አቁሞ ነበር። ናዚዎች ሥልጣን እንደ ያዙ፣ ግንቦት 6 ቀን 1933 ዓ.ም. ተማሪዎች ተቋሙን ዘረፉት፤ ከአራት ቀን በኋላም መጻሕፍቱን በአደባባይ አቃጠሉ። መጽሐፍ አቃጣዮቹ ተማሪዎች ነበሩ፤ ይህን ቃል ለእናንተ ለተማሪዎች ደግሜ እጽፈዋለሁ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 ዓ.ም. ባጸደቀው የበሽታዎች ዝርዝር ይህን ነገር ከአእምሮ በሽታዎች ምዕራፍ አውጥቶታል።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ ታሪክ ሁለት ስሕተቶችን መለየት እንችላለን። የመጀመሪያው፣ ይህ ነገር ትናንት በፈረንጅ አገር የተፈጠረ ነው የሚሉት ሰዎች ስሕተት ነው። ፈረንጅ የሚባል ሕዝብ ከመኖሩ በፊት ሱመሮች በሸክላ ጽፈውታል፤ በሕንድም ፈረንጅ ያመጣው ሰዎቹን ሳይሆን የሚያስራቸውን ሕግ ነው። ሁለተኛው፣ ጥንት እነዚህ ሰዎች በሰላምና በክብር ይኖሩ ነበር የሚሉት ስሕተት ነው። የነነዌ ግንብና የፍሩሲኖ ሣጥን ይመሰክሩባቸዋል። ደግሞም ተረት የሕይወት ማስረጃ ሊሆን አይችልም፤ ቲሬስያስ የተለወጠው ሳይፈልግ በእባብ ምክንያት ነው፤ የዛሬው ሰው ግን የሚናገረው ስለ ራሱ ልብ ነው። እውነቱ ከሁለቱም መካከል ነው። የሰው ልጅ እንዲህ ያሉትን ሰዎች ሁልጊዜ ያውቃቸው ነበር፤ ሁልጊዜም በተረት ሲያከብራቸው በአደባባይ ሊንቃቸው ምክንያት ፈልጓል።

አንባቢዬ ምናልባት ይህ የአሕዛብ ነገር ነው፤ እኛን ምን ያገባናል ይል ይሆናል። እንደዚያ ከሆነ ሁላችን ወደምናውቀው መጽሐፍ እንመለስ። ጃንደረባ ከዛሬው ትራንስጀንደር ጋር አንድ እንዳልሆነ አስቀድሜ ተናግሬአለሁ፤ ነገር ግን በጥንቱ ዓለም ከወንዶችም ከሴቶችም ቍጥር ውጭ የተደረገ ሰው ነበር፤ የኦሪትም ሕግ ወደ ጉባኤ እንዳይገባ ከልክሎት ነበር። ነቢዩ ኤርምያስ በጭቃ ጕድጓድ ተጥሎ ሳለ መኳንንቱ ሁሉ ዝም ሲሉ ለንጉሥ የተናገረለት ጃንደረባው ኢትዮጵያዊ አቤሜሌክ ነው። ገመዱን ሲያወርድም የነቢዩ ብብት እንዳይላጥ አስቀድሞ ያረጀ ጨርቅ ጣለለት። ገመድ መጣል ብዙ ሰው ያስበዋል፤ ጨርቁን የሚያስበው ግን ራሱ ተልጦ የሚያውቅ ሰው ነው።

የሕንደኬ ጃንደረባም በሰረገላው ተቀምጦ የሚያነበው የኢሳይያስን መጽሐፍ ነበር። ሊቃውንት የዚህች ንግሥት መንግሥት በዛሬው ሱዳን የነበረችው መርዌ እንደ ሆነች ያስረዳሉ፤ እኛም አባቶቻችን እንዳስተማሩን ከእርሱ ጋር ያለንን ዝምድና እንወዳለን። ፊልጶስ ያገኘው ስለ ታረደው በግ ሲያነብ ነው። ከዚያ ጥቂት ምዕራፍ ዝቅ ብሎ በዚያው መጽሐፍ፣ ጃንደረባ ራሱን የደረቀ ዛፍ ነኝ እንዳይል፣ በእግዚአብሔር ቤት ከወንዶችና ከሴቶች ልጆች የሚበልጥ ስም እንደሚሰጠው ተስፋ ተጽፎለታል። ሊጠመቅ ሲጠይቅ ማን እንደ ሆነ፣ ምን እንደ ጐደለው ፊልጶስ አልጠየቀውም። በአገራችን ይህን ታሪክ የማያውቅ ሰው የለም፤ በየሰንበቱ እንኮራበታለን። ነገር ግን የምንኮራበት ሰው ማን እንደ ነበረ ብዙ ጊዜ አናስበውም።

አሁን ስለ ራሴ ስሕተት ልናገር። ወጣት መምህር ሆኜ በአንድ የገጠር ከተማ ሳስተምር፣ በክፍሌ አንድ በትምህርቱ ብርቱ የሆነ ልጅ ነበረ። ድምፁ ቀጭን፣ አካሄዱ ለስላሳ ነበር። ልጆቹ ሴታሴት የሚል ስም አወጡለት። እኔም ሰምቼ እንዳልሰማሁ ሆንሁ። አንድ ቀን ለበዓል ቴአትር ሲዘጋጁ የሙሽራይቱን ቦታ ለእርሱ ሰጡትና ክፍሉ በሳቅ ተናወጠ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ልጁ ወደ እኔ አየ፤ እስከ ዛሬ የማልረሳው ያንን አስተያየት ነው። በማግሥቱ አልመጣም። በመዝገቡ ላይ ቀሪ ብዬ ጻፍሁ፤ በሦስተኛው ሳምንት ስሙን በቀይ እርሳስ ሰረዝሁት። ወደ ቤቱም አልሄድሁም፤ እናቱንም አልጠየቅሁም።

ልጁ በውስጡ ምን እንደ ነበረ አላውቅም፤ ለማወቅም አያስፈልገኝም ነበር። የሚያስፈልገኝ የነበረው አንድ ቃል ብቻ ነው፤ ተዉት ማለት። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይባላል፤ እኔም በዚያ ተረት ተጽናንቼ ኖርሁ። ደግሞ የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል። በእኔ ላይ ግን የደረሰው የወጋም አለመርሳቱ ነው። በ1871 የወጣውን ሕግ ሳነብ የእንግሊዞቹ መዝገብ ያስታወሰኝ የእኔን መዝገብ ነው። እነርሱ ሰውን ለማሰር ስሙን ጻፉ፤ እኔ ሰውን ላለማየት ስሙን ሰረዝሁ።

ወጣቶች ሆይ፣ ስለዚህ ነገር በሃይማኖትም በሕግም በሕክምናም ብዙ ክርክር ትሰማላችሁ። ክርክሩን በትዕግሥት መርምሩት፤ ሳታነቡ አትፍረዱ። ነገር ግን ክርክሩ እስኪያልቅ ድረስ የሚጠብቅ አንድ ሰው በአጠገባችሁ እንዳለ አትርሱ። በክፍላችሁ የሚሳቅበት ልጅ ቢኖር አብራችሁ አትሳቁ። ከቤት የተባረረ ብታገኙ ምን ነህ ከማለታችሁ በፊት በልተሃል ወይ በሉት። ወደ ጕድጓድ ገመድ የምትጥሉ ከሆነም ጨርቁን አትርሱ።

ያ ልጅ በሕይወት ካለ ዛሬ ጐልማሳ ሆኖ ጠጕሩ ሸብቷል። ይህች ጽሑፍ ከእጁ ብትደርስ፣ ስሙን ከመዝገብ ብሰርዘውም ከልቤ እንዳልሰረዝሁት ይወቅልኝ።